ነሐሴ ሠላሳ ሁለት የሚመለሰው ቃሬዛ

ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ ከመሃል ገብታችሁ "ይህማ አይሆንም" እንዳትሉኝ። እኔም ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ አይሆንም ነበር የምለው። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእግሬ ተከትዬ በዓይኔ አየሁት፤ እስካሁን ሳስበው ክው እላለሁ።

ሸንበቆ በር በምትባል የደጋ መንደር ልየው የሚባል ጎረቤት አለኝ። ልየው ያን ቀን የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቃሬዛ። ሚስቱ ይታይሽ ከሌሊት ጀምሮ በምጥ ተይዛለች። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ ሆዷን ዳበሰችና ፊቷ ተለወጠ። "ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ እኔ አልችለውም። አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ካልደረሰች ሁለቱንም ታጧቸዋላችሁ" አለች። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ማዶ ነው። በክረምት መኪና አይገባም፤ ቁልቁለቱን በሰው ትከሻ ነው የሚወረደው። ቀኑም ጳጉሜ ሦስት ነው፣ ሩፋኤል። ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የምትጠራው ሩፋኤል። ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆች ጠበል ነው ብለው ራቁታቸውን ይዘልሉበታል፣ ይታይሽ ውስጥ ትጮኻለች።

መጀመሪያ እንደ ድሮው ጋቢ በሁለት አጣና አስረን ልናወጣት ሞከርን። ደጁን ሳናልፍ ጋቢው ትርትር አለ፤ ልትወድቅ ስትል በክንዳችን ተቀበልናት። ያን ጊዜ ልየው "የዕድሩን ቃሬዛ" ብሎ ሮጠ። የዕድራችን ቃሬዛ የዋዛ አይደለም፤ ብረት ነው፣ ባለ አራት እጀታ፣ ደረትና ጉልበት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ያለው። እኔም ነጠላዬን አጣፍቼ ተከተልኩት፤ ብቻውን መላክ ሆዴ እምቢ አለኝ።

የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አንሙት ነው። ቁልፉን በአንገቱ ነው የሚያንጠለጥለው፤ ሲተኛም አያወልቀውም ይላሉ።

"አንሙት፣ ቃሬዛውን ቶሎ" አለ ልየው።

"ቃሬዛው የለም" አለ አንሙት።

እኔ በመስኮቱ ፍርግርግ አጮልቄ አየሁ። ቃሬዛው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። "ያውና፣ አንሙት" አልኩት።

"እሱማ አለ" አለኝ። "እኔው ራሴ ነኝ ትናንት ተሸክሜ ያስገባሁት። ግን ስልኩ 'ወጥቷል' ነው የሚለው። ስልኩ ወጥቷል ካለ ወጥቷል።"

እኔ አፌን ያዝኩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ልንገራችሁ። አምና የዕድራችን ትልቁ ድንኳን ጠፋ። ማን ወሰደው፣ መቼ ወሰደው፣ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲያላክክ ክረምቱ አለፈ። በኋላ የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ መምህር ገበያው አንድ አፕ ሠራልን። ኮድ የሚሉት ነገር ሳይጻፍ፣ ሣጥን ከሣጥን እየጎተቱ የሚገጣጥሙት ዓይነት ነው። ዕቃ ሲወጣ ቀኑን ትመርጣላችሁ፤ አፑ ራሱ ሦስት ቀን ደምሮ መመለሻውን ይነግራችኋል፣ ስሙም ቀይ ይሆናል። ዕቃው ሲመለስ የተመለሰበትን ቀን ትመርጣላችሁ፤ ቀዩ አረንጓዴ ይሆናል። ጠቅላላ ጉባኤው አጨበጨበ። አጨብጭቦም አልቀረ ደንብ አወጣ፦ ስልኩ ቀይ እያለ በር የከፈተ ከዕድሩ ይሰረዛል። ከዕድር የተሰረዘን ሰው ማን እንደሚቀብረው እናንተው አስቡት።

ልየው ድንጋይ አነሣ። ጓጉንቸሩን ሊሰብር ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከዚያ ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠው። የዕድርን በር የሰበረ ሰው በዚህ መንደር ከሚስቱ ጋር፣ ከልጁ ጋር እንዴት ይኖራል?

"ዳኛው ክፈት ካሉኝ እከፍታለሁ" አለ አንሙት። "ለኔም እኮ ልጅቷ እንደ እህቴ ናት።" ይህን ብሎ በሩን እንደቆለፈ ትቶ ተከተለን።

እንግዲህ ያዙልኝ። አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

ጋሼ ዋሴ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ደጃቸው ላይ ውሃ መውረጃ ሲቆፍሩ አገኘናቸው።

"ጋሼ፣ አንሙትን ክፈት ይበሉልኝ" አለ ልየው።

"ምነው ልጄ፣ ማን ታመመ?"

"ይታይሽ ናት። ልጁ በእግሩ ሊመጣ ነው። ጤና ጣቢያ ካልደረሰች አትተርፍም ተባለ።"

ደነገጡ። ለይስሙላ አይደለም፣ በእውነት ደነገጡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አሉ። "ቃሬዛውን ይዛችሁ አትሮጡም እንዴ?"

"እርስዎ ይዘዙልን ብለን ነው።"

"ስልኩ ምን ይላል?"

"ቀይ ነው።"

ጋሼ ዋሴ ዶማቸውን ተደገፉ። "ቀይ ከሆነማ እኔ ምን ሥልጣን አለኝ" አሉ። "ደንቡን ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እኔ ካፈረስኩት ነገ ማን ይሰማኛል? ስልኩን አረንጓዴ አስደርጉ፤ ያን ጊዜ አንሙትን እየገፈተርኩ ነው የማስከፍተው።" ይህን አሉና ጃንጥላቸውን ከማጀት አውጥተው ተከተሉን። እንዴት ነው ነገሩ፣ እርዱን ስንላቸው ይከተሉናል።

ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

ስልኩ ያለው ጸሐፊዋ እጅ ነው፣ የኔአለም። ይታይሽና የኔአለም አብረው ያደጉ ናቸው። ነገሩን ሰምታ ኖሮ እያለቀሰች ነው የጠበቀችን። ስልኩን ከላስቲክ ከረጢት አወጣችና አሳየችን።

"አንብቢልኝ፣ እኔ መነጽሬን አልያዝኩም" አሉ ጋሼ ዋሴ።

"ቃሬዛ፦ ወጥቷል። መመለሻ ቀን፦ ነሐሴ ሠላሳ ሁለት።"

እኔ በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። "ነሐሴ ስንት አልሽ?" አልኳት።

"ሠላሳ ሁለት።"

"የኔአለም፣ ወር እኮ ሠላሳ ነው።"

"እኔ መች ጠፋኝ" አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። "ነሐሴ ሃያ ዘጠኝ እግሩ ለተሰበረ ሰው ወጣ። አፑ ሦስት ደመረበት። ወሩ አልቋል ብሎ የነገረው የለም፤ ሠላሳ ሁለት ላይ ሄዶ ቆመ። አሁን ያንን ቀን እየጠበቀ ነው።"

እግዜር ያሳያችሁ። አንድ ስልክ በዓለም ላይ መጥቶ የማያውቅ ቀን ይጠብቃል። እኛ ስልኩን እንጠብቃለን።

ስልኩ አረንጓዴ አይሆንም፤ ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

"መጠበቁን ይተወው" አለ ልየው። "ቃሬዛው ተመልሷል፣ አንሙት አስገብቶታል። የተመለሰበትን ቀን ምረጪና አረንጓዴ አድርጊው።"

"ትናንትም ስመርጥ ነው የዋልኩት፣ ና እይ" አለች የኔአለም። ሣጥኑን በጣቷ ነካች። ወሮቹ ተዘረገፉ። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር እያለች ወረደች፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ደረሰች፤ ከነሐሴ በታች ምንም የለም። ገፋ ስታደርገው ተመልሶ መስከረም ይላል።

"ጳጉሜስ?" አልኩ።

"የለችም።"

"እንዴት ነው የሌለች? ዛሬ ራሱ እኮ ጳጉሜ ነው። ሩፋኤል ነው። እየዘነበብን ያለው የማን ዝናብ ነው?"

"እኔን አትቆጪኝ፣ እኔ አልሠራሁት" አለች።

ነሐሴ ሠላሳን መረጠች፤ ሣጥኑ "ይህ ቀን አልፏል" አላት። መስከረም አንድን መረጠች፤ "ይህ ቀን ገና ነው" አላት። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ቀን እየጻፈ ማንም እንዳያጭበረብር ተብሎ ታጥሯል። እኔ ሣጥኑን ለመንኩት፤ አዎ፣ ስልክ ለመንኩ፣ አላፍርም። ይታይሽ ልትሞት ነው አልኩት። "ትክክለኛ ቀን ይምረጡ" አለኝ። ልየው ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨ።

ሣጥኑ ጳጉሜን አያውቅም፤ ስልኩ አረንጓዴ አይሆንም፤ ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

"ወደ መምህሩ" አለ ልየው። አሁን አምስት ሆነን ነው የምንሮጠው፤ የኔአለም ስልኩን በጉያዋ ይዛ፣ ጋሼ ዋሴ ጃንጥላቸው ተገልብጦባቸው፣ አንሙት ቁልፉ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ። ያየን ሁሉ ከአጥሩ ብቅ ብሎ "ምን ሆናችሁ?" ይላል፣ ስንነግረው "እኔን" ይላል፣ ይከተለናል።

መምህር ገበያው ቤቱ የሚያፈስበትን ቆርቆሮ ሊደፍን ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነበር። ከላይ ሆኖ ሰማን። መሰላሉን ፈጥኖ ወረደ።

"ጳጉሜን የት አደረስካት?" አልኩት።

"ረሳኋት" አለ። ወዲያው ነው ያመነው፤ እሱን ልወቅሰው አልችልም። "መጀመሪያ የተዘጋጀ የቀን መምረጫ ነበረው፤ እሱ ወር ቢያልቅም አይሳሳትም። ግን የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ሽማግሌዎቹ አንፈልግም አሉ። እኔም ደበቅኩትና የኛን ወሮች በራሴ ሣጥን ሠራሁ። ወሮቹን የገለበጥኩት ከዕድሩ መዋጮ መዝገብ ነው። በጳጉሜ መዋጮ የለም። በጳጉሜ ደመወዝም የለኝም፣ ትምህርትም የለኝም። አሥራ ሁለት ወር ሞላ ብዬ ዘጋሁት። ማንም ሲያየው ጎደለ አላለም።"

እውነቱን ነው። ጉባኤው ሙሉ በየተራ ስልኩን ተቀባብሎ አይቷል፤ እኔም አይቻለሁ። አንዳችንም ጳጉሜ የት አለች አላልንም።

"አሁን ማስተካከል ይቻላል?" አለ ልየው።

"ምን አላት፣ አንድ ወር መጨመርና ድምሩን ማረም ነው። ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።"

"በል እንግዲያ።"

መምህሩ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ። ከዚያ ጋሼ ዋሴን አየና እጁን ሰበሰበ። "ያለ ኮሚቴ ውሳኔ አፑን የነካ ይሰረዛል ይላል እኮ ደንቡ" አለ። "እኔ የመጣሁት ከሌላ አገር ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም፣ ያለኝ ዕድሩ ነው። ኮሚቴው እሺ ይበለኝ፣ እዚያው ቆሜ እሠራዋለሁ።"

"ኮሚቴው እሺ ይበለው" አሉ ጋሼ ዋሴም። ተገርሜ አየኋቸው፤ አላፈሩም።

መምህሩ ሣጥኑን አይነካም፤ ሣጥኑ ጳጉሜን አያውቅም፤ ስልኩ አረንጓዴ አይሆንም፤ ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

ኮሚቴውን ፍለጋ ቤት ለቤት እንዞራለን ብዬ ፈርቼ ነበር። ምን ይደረጋል፣ ሁሉም አንድ ቤት ናቸው። አለቃ ውዱ ቤት የሩፋኤል ማኅበር ነበርና ኮሚቴው አንድም ሳይቀር ተደርድሮ ጠላ ይጠጣል። ደስ አለኝ፤ አለቀልን ብዬ አሰብኩ። የኔን ሞኝነት ተመልከቱ።

ልየው በሩ ላይ ቆሞ፣ ውሃው ከልብሱ እየተንጠባጠበ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ተናገረ። ሁሉም አዘኑ። "እኔን ልጄን" አሉ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። አለቃ ውዱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው፤ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ማንም አይጠላቸውም።

"ስብሰባ መጥራት ያስፈልጋል" አሉ አለቃ። "የኛ ስብሰባ በየወሩ በአሥራ ሁለት ነው፣ በሚካኤል።"

"አለቃ፣ ጳጉሜ እኮ አሥራ ሁለት የላትም" አልኩ እኔ።

"የላትም። ለዚያ ነው በጳጉሜ ተሰብስበን የማናውቅ። መስከረም አሥራ ሁለት እንግዲህ፣ በመጀመሪያ አጀንዳ እናየዋለን።"

"አለቃ፣ ሁላችሁም እዚሁ ተሰብስባችኋል።"

"ይህ ማኅበር ነው" አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዱ። "ስብሰባ አይደለም።"

ቃሬዛው ይታያል፣ የለም ይላሉ። ኮሚቴው ተቀምጧል፣ አልተሰበሰብንም ይላል። ዛሬ ጳጉሜ ናት፣ ዛሬ የለችም። እኔ ራሴ አለሁ ወይ ብዬ ክንዴን ቆነጠጥኩ።

ከታች፣ ከልየው ቤት፣ የይታይሽ ጩኸት መጣ። ዝናቡን ሰንጥቆ ነው የመጣው። ሁላችንም ሰማነው። "ሩፋኤል ድረስላት" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ከዚያ እንደተቀመጡ ተቀመጡ።

ኮሚቴው አይሰበሰብም፤ መምህሩ ሣጥኑን አይነካም፤ ሣጥኑ ጳጉሜን አያውቅም፤ ስልኩ አረንጓዴ አይሆንም፤ ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት በሩን አይከፍትም፤ ይታይሽ ታምጣለች፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል።

ልየው እስካሁን ሲለምን ነበር። አሁን ድምፁ ተለወጠ፤ ረጋ አለ። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

"አለቃ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይታይሽ ብትሞትስ?"

"እግዜር አያምጣው" አሉ።

"ቢያመጣውስ?"

"እሱማ ሌላ ነገር ነው" አሉ አለቃ ውዱ። "ብትሞትማ ጥሩንባ ይነፋል። ጥሩንባ ከተነፋ ስልክ አይታይ፣ ቀን አይመረጥ፣ በሩ ወዲያው ይከፈታል፣ ቃሬዛውም ድንኳኑም ይወጣል። ለሞተ ሰው ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል? ለዚህ አይደል ዕድር የተቋቋመው።"

ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። አንሙት ነቀነቀ፣ መምህሩ ነቀነቀ፣ ጋሼ ዋሴ ነቀነቁ። በቅንነት ነው፣ ለማጽናናት ነው። ሰው በቅንነት እንዲህ ሊል ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የበሩን መቃን ያዝኩ።

ልየው ዞረና ወጣ። እኔም ተከተልኩት፤ ሌላው ግን ዝናቡ ስለጠነከረ ይሁን ምን እንጃ፣ እዚያው ቀረ።

ጉብታው ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ እሳቸው ናቸው። በዚህ መንደር የሞተ ሰው ሁሉ መጀመሪያ በሳቸው ትንፋሽ ነው የሚነገረው። ልየውን ከሩቅ ሲያዩት ገና ጥሩንባውን ከግድግዳው አወረዱ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም፣ አያ።"

"እና ምን ልትሆን መጣህ?"

"ይታይሽ ልትሞትብኝ ነው። ኮሚቴው አይሰበሰብም፤ ኮሚቴው ካልተሰበሰበ መምህሩ ሣጥኑን አይነካም፤ ሣጥኑ ካልተነካ ጳጉሜን አያውቅም፤ ጳጉሜን ካላወቀ ስልኩ አረንጓዴ አይሆንም፤ ስልኩ ቀይ ከሆነ ጋሼ ዋሴ አንሙትን አያዙም፤ አንሙት ካልታዘዘ በሩን አይከፍትም፤ ቃሬዛው በመስኮት ይታያል፣ ይታይሽ ትጮኻለች። ስትሞት የሚነፉልኝን አሁን ይንፉልኝ።"

አያ ቢተው ጥሩንባውን በመዳፋቸው አሻሹ። "ላልሞተ ሰው ነፍቼ አላውቅም" አሉ። "አባቴም ነፍቶ አያውቅም። ላልሞተ የተነፋ ጥሩንባ ሰውየውን ይጠራዋል ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ። ነፍቼ ልጅቷ ብትሞት የገደልኳት እኔ ነኝ፤ ሰው ባይለኝ እኔ ራሴን እላለሁ።"

"እኔም ሰምቻለሁ" አለ ልየው። "ግን ሰዎቹ ሌላ የሚሰሙት ነገር የላቸውም።"

ሽማግሌው አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ጣሉና ወደ ዝናቡ ወጡ። ጥሩንባው ሁለት ጊዜ ከከንፈራቸው አመለጠ። በሦስተኛው ነፉት።

ጥሩንባው ጮኸ። ጥሩንባው ሲጮኽ ኮሚቴው ከጠላው ተነሣ፤ ኮሚቴው ሲነሣ መምህሩ ሣጥኑን ረሳ፤ ሣጥኑ ሲረሳ ጳጉሜን የሚጠይቅ ጠፋ፤ ጠያቂ ሲጠፋ ስልኩ ከረጢቱ ውስጥ ገባ፤ ስልኩ ሲገባ ጋሼ ዋሴ "ክፈት" አሉ፤ ጋሼ ዋሴ ክፈት ሲሉ አንሙት ከፈተ፤ ቃሬዛው ከመስኮቱ ጠፋና ሰው ትከሻ ላይ ታየ። የኔአለም በኋላ እንደነገረችኝ ያ ስልክ ቃሬዛው ከገባ ወዲህ እውነት የተናገረው ያን ሰዓት ብቻ ነው፤ "ወጥቷል" ይል ነበር፣ ወጥቷልም።

መንደሩ እንዳለ ወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው ደረታቸውን እየመቱ፣ ወንዶቹ "ወንድሜን፣ ልየውን" እያሉ። እኔና ልየው አቋርጠን ሮጠን ቀድመን ደርሰን ነበር። ጋሼ ዋሴ ከቃሬዛው ፊት ፊት እያለቀሱ ገቡ፤ ለሬሳ ነው የገቡት፣ ጎንበስ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

ይታይሽ የእናቷን ክንድ ይዛ ተጋድማለች። ላቧ በፊቷ ይወርዳል፣ ከንፈሯን ነክሳው ደምቷል። ጥሩንባውን ሰምታዋለች፣ ለማን እንደሆነም ገብቷታል። ምጡ ለአፍታ ፋታ ሰጣትና ቀና አለች።

"ጋሼ ዋሴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። "ገና አልሞትኩም።"

ልቅሶው ቀጥ አለ። አንሙት መሬት መሬት ያያል። መምህሩ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ማን ነፋው ያለ የለም፤ ለምን ተነፋ ያለም የለም።

ጋሼ ዋሴ ባርኔጣቸውን ወዲያ ጣሉና የፊተኛውን እጀታ ያዙ። ሽማግሌ ነዎት፣ ይተዉ ብንላቸው አልሰማ አሉ። አንሙት ሁለተኛውን፣ መምህሩ ሦስተኛውን፣ ልየው በራሷ በኩል ያለውን። ቀበቶውን አጠበቅን፣ ወጣን። ያ ቁልቁለት እንደዚያ በፍጥነት ተወርዶ አያውቅም። አንዱ ሲንሸራተት ሌላው እየተቀበለ፣ ወንዙን ውሃው ከወገብ በላይ ሆኖ ተሻገርነው፤ ቃሬዛው ግን አንዴም አልዘነበለም። ከሁላችን ኋላ፣ ራቅ ብለው፣ አያ ቢተው ጥሩንባውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ይመጣሉ። ሊጠጉን ፈሩ። ደጋግሜ ዞሬ ጠራኋቸው፣ አልቀረቡም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ሲያስገቧት በሩ ተዘጋ። እኛ ደጅ ቀረን፣ መንደሩ በሙሉ፣ በዝናቡ። ልየው በሩን በመዳፉ ይዞ ቆሟል፣ የሚከፈት ከሆነ ቀድሞ ሊያውቅ። ስንት ሰዓት እንደቆምን አላውቅም፤ ለኔ መንፈቅ ነው የመሰለኝ።

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ።

ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ተቃቀፉ። እኔ ግን አያ ቢተውን አየሁ። እሳቸው እልል አላሉም። ሕዝቡን እየገፉ ገብተው ብቅ ያለችውን ነርስ እጇን ያዟት። "እናቲቱስ?" አሏት። "እናቲቱን ንገሪኝ።"

"እናቲቱማ" አለች ነርሷ፣ "ራበኝ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሲመጣ አጥሚት የያዘ አንድ የለም ወይ እያለች ትቆጣለች።"

አያ ቢተው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ጥሩንባውን ተቀብዬ ያዝኩላቸው።